የዶክተር አረፋ ሽማግሌዎች

እሪ በከንቱ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ከሻማ በፊት የሚመጣ ቀልድ አለ። የሆነ ሰው ከግቢው ሆኖ «አረፋው ይምጣ» ይላል። ከአጥር ወዲያ ያለው ይስቃል። ከዛ ነው ክብሪት ፍለጋ የሚጀመረው። ሕፃናቱ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ አፍ ሲፈቱ ጀምሮ ይሉታል። አረፋው የሚባለው የዶክተር ዘሩባቤል አረፋ ነው፤ ሲጠራ ይሰማል እንጂ ሲመጣ ያየው ሰው አልነበረም።

ዘሩባቤል ኬሚስት ነው። አራት ኪሎ አንድ ላብ፣ ማለት ቤተ ሙከራ፣ አለው፤ በእግሩ ይሄዳል፣ በእግሩ ይመለሳል። የሚኖረው የቤት ፈረሳው ዘሎት ያለፈ የእሪ በከንቱ ጥግ ላይ፣ ከታላቅ እህቱ ከእትዬ አባይነሽ ጋር ነው። ሃምሳ ሊደፍን ትንሽ ነው የቀረው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲሄድ ሰማይ ሰማይ ስለሚያይ የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ ያውቀዋል። ጣቶቹ ሁሌ ወይን ጠጅ ናቸው። ጎረቤቱ ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው፣ «አገሩ በአምስት ዓመት አንዴ ይመርጣል፤ ይሄ ልጅ በየቀኑ እየመረጠ ይመጣል» ይላሉ። ጋሽ ገብረክርስቶስ እንዲህ ናቸው። ዶክተር አረፋ የሚለውንም ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። እሱ አይቆጣም። ዶክተር አረፋ ሲሉት «አቤት» ብሎ ይዞራል።

ሥራው፣ እኔ በገባኝ መጠን፣ እንዲህ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ያደርጋል። ውሃው ውስጥ ትንሽ የብረት ጨው አለ። ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ቀለሙ ጥፍት ይልና የቧንቧ ውሃ ይመስላል። ጨርቅ ሲያለብሰው ቀለሙ ይመለሳል። ምክንያቱን ሲናገር ብርሃኑ ከብረቱ ላይ የምትፈስ ነገር ነጥቆ ለቀለሙ ይሰጠዋል ይላል፣ ያቺው ሽቦ ውስጥ ስትሄድ ኤሌክትሪክ የምትባለዋ። ጨለማ ሲሆን ቀለሙ የተበደረውን ለብረቱ ይመልስለታል። ዘሩባቤል የሚፈልገው በመሃል ገብቶ፣ ከመታረቃቸው በፊት፣ ያቺን ነገር በሽቦ መውሰድ ነው። ችግሩ ሁለቱ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ስለሆኑ ቶሎ ይታረቃሉ። ሳሙናው የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የልብስ ሳሙና እንዳይመስላችሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ንጹህ ነጭ ዱቄት ነው፣ ውሃ ሲነካው ግን አረፋ ያወጣል። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታይ ትንንሽ ኳስ ይሠራና ቀለሙን ይዞ ያቆይለታል። ትንሽ ሲያቆይለት የመለኪያው ቀስት ትንሽ ትነቃነቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የደከመው ያቺ ቀስት ትንሽ ራቅ ብላ እንድትነቃነቅ፣ ትንሽ ቆይታም እንድትመለስ ነው። አምፖል አብርቶ አያውቅም።

የጀመረው በልጅነቱ ነው። እናታቸው የቤተክርስቲያኑን የመዘምራን ጋውን ቤት አምጥታ ትተኩስ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጋውን እጅጌው ነጥቶ ተገኘ። በረኪና ያስነካሽው አንቺ ነሽ ተብላ እትዬ አባይነሽ ተመታች። ዘሩባቤል ያን ጊዜ የወተት ጥርሱ ገና ረግፎ አላለቀም። ምንም ሳይናገር ከዛው ጨርቅ ብጣሽ ለመነና በላዩ ላይ የቁም ሳጥን ቁልፍ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ መስኮት ላይ ሰቀለው። ሰነባብቶ ቁልፉን ሲያነሳው ጨርቁ ሁሉ ነጥቷል፣ ቁልፉ ያረፈበት ብቻ ቀለሙ እንዳለ አለ። «ፀሐይ ናት እንጂ እሷ አይደለችም» ብሎ ለእናቱ ሰጣት። እትዬ አባይነሽ ይህን ስታወራ እስካሁን ዓይኗ ይሞላል፣ ወዲያው ግን «ከዛ በኋላ ግን ለሰው የሚጠቅም ነገር ሠርቶ አያውቅም» ትላለች።

ለዶክትሬቱ ህንድ ሄደ። እትዬ አባይነሽ ሳሪ ይዞልኝ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ሻንጣው ሲከፈት ወይን ጠጅ ዱቄት በጠርሙስ፣ ነጭ ዱቄት በላስቲክ። ምንድነው ብትለው የሳሙና ዘመድ ነው አላት። ሳሙናማ ሱቅም አለ እኮ ብላ ሻንጣውን ዘጋችው።

ከዛ ወዲህ ኑሮው ከፀሐይ ጋር ሆነ። የላቡ መብራት ሲጠፋ ብርጭቆውን ጣራ ላይ ይዞ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ሥራ ይፈታል። ቤተክርስቲያን ለገበሬው ዝናብ ሲጸለይ እሱ አሜን የሚለው ቀስ ብሎ ነው ይላሉ፤ አጠገቡ ተቀምጬ ስላልሰማሁ አላረጋግጥም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ለትዳር ደረሰ?

ራኬብ ፒያሳ መጋረጃ ቤት አላት። የሱቋን መስታወት የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የምትመታው። መስታወቱ ላይ የሰቀለችው ናሙና ደማቅ ወይን ጠጅ መጋረጃ ነበር። ዘሩባቤል ከአራት ኪሎ ሲመለስ እዛ ጋ ይቆማል። ዝም ብሎ ያያል። ይሄዳል። በነጋታውም እንዲሁ። ፒያሳ ደሞ ሰው ሁለቴ አንድ ቦታ ከቆመ ወሬ ነው። ዶክተር አረፋ ፍቅር ያዘው ተባለ፣ ማኪያቶ ሲጠጣ ሒሳቡን የሚከፍልለት ሁሉ መጣ። እሱ ለምን እንደሚከፈልለት አልገባውም፤ አመሰግናለሁ እያለ ይጠጣ ነበር።

በመጨረሻ ራኬብ ራሷ ወጣች።

«ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ቀለሙ» አላት። «በግራ በኩል እየሄደ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ግን አለ።»

ዞራ ስታይ እውነትም መጋረጃው በአንድ ጎኑ ገርጥቷል። ያመጣላትን ነጋዴ ልትጣላው ስትነሳ እሱ፣ ነጋዴው ምንም አላደረገም፣ አዙሪው አላት። አዞረችው። በነጋታው የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የገረጣው ጎን ወደ ውስጥ ዞሯል። ዘሩባቤል ግን መጥቶ ቆመ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር፣ ፍቅሩ ያን ቀን ደረሰ።

ከዛ በኋላ ሁለት ክረምት እየቆመ አለፈ። አሁን ገብቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ግን ምንም አይልም። እትዬ አባይነሽ አንድ ቀን እራት አቅርባለት እንጀራውን ሳታጥፍለት፣ «ይቺንም ሃያ ዓመት ልታጠናት ነው?» አለችው። እሷ በማግስቱ ሽማግሌ አሰባሰበች።

አንደኛው ጋሽ ገብረክርስቶስ ናቸው፤ ዘሩባቤል ፕሮቴስታንት፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ ቢሆኑም የሰፈሩ አፍ ናቸው። ሁለተኛው የዘሩባቤል ቤተክርስቲያን ሽማግሌ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ሦስተኛው ያቤፅ የሚባል ከላብ አብሮት የሚሠራ ወጣት። ያቤፅ ለሽምግልና የሚያበቃው ነገር ቢኖር መመለጥ መጀመሩ ብቻ ነው፤ ግን ሥራውን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ገባ።

የራኬብ ቤተሰብ ሥላሴ አካባቢ ነው። አባቷ አቶ ገብረአብ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ናቸው። ዝምተኛ ናቸው፣ አንዴ እምቢ ካሉ ግን አይመለሱም፤ ከዚህ በፊት ለራኬብ የመጡ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ቀጠሮ ሳያገኙ ነው የሄዱት። ዘሩባቤል ይሄን ያውቃል። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱበት ቀን ላብ አልገባም። ጣቱን በሎሚ ሲፈትግ ዋለ፣ አብሮ እንኳ አይሄድም እኮ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ልመናቸውን ተናገሩ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ተቀመጡ። አቶ ገብረአብ ልጃችሁ ምን ይሠራል አሉ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ኮራ ብለው ዶክተር ነው አሉ። አቶ ገብረአብ ወዲያው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

«ለጉልበት ይሆናል?»

«ኧረ እሱ ለሰው አይደለም።»

«ለከብት ነው?»

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ነገሩን ለማዳን ከሳሙና ጋር የተያያዘ ነው አሉ። አቶ ገብረአብ ፋብሪካ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። የለውም። ይሸጣል? አይሸጥም። ይሄኔ ያቤፅ ገባ። ያቤፅ ሲያስረዳ የሚያውቀውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያወርደው። ፎቶን አለ፣ ኤሌክትሮን አለ፣ የሳሙናዎቹን ኳስ በአየር ላይ በእጁ ሣለ፤ የሻይ ብርጭቆ ገፍቶ ሊያፈስ ነበር።

አቶ ገብረአብ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ «ልጁ ጤነኛ ነው?» አሉ።

ቢሆንም ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡ፤ ራኬብ ከጓዳ ስታስል ሰምተዋታል። እስከዛ እናጣራለን አሉ። ማጣራት ደሞ ወግ ነው፣ የማንም ልጅ ዝም ብሎ አይሰጥም። ለማጣራት ታናሽ ወንድማቸውን መብራህቱን ከአዳማ ጠሩት። መብራህቱ የእህል ነጋዴ ነው። ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር አያምንም፣ ቀልድ የሚባል ነገር ደሞ በኪሎ አይሸጥም።

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ ሌላ አገር ያመሰግናል ወይ ያማል። አራዳ ግን የሚወደው ሰው ላይ ይቀልዳል። ለማያውቀው ሰው ደሞ ይበልጥ አሳምሮ ይቀልዳል። መብራህቱ ካፌ ገብቶ ዶክተር ዘሩባቤልን ታውቃለህ ወይ ብሎ አስተናጋጁን ጠየቀ። አስተናጋጁ እንዴት አላውቀውም፣ መብራት ሲጠፋ የምንጠራው እሱን ነው፣ መጥቶ ግን አያውቅም አለው። ታክሲ ተራ ጠየቀ። ተራ አስከባሪው ፀሐይ የሚያጥበው ሰውዬ ነው አለው። መጋረጃ እያየ እንደሚቆም፣ ክረምት ሲገባ እንደሚያዝን፣ ሁሉንም ነገሩት። አንዱም ውሸት አልነበረም።

በመጨረሻ ወርቅ ቤት ገባ። ቀለበት የሚያይ መስሎ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። የገባው የማን ሱቅ እንደሆነ አላወቀም፤ ጋሽ ገብረክርስቶስም የራኬብን አጎት አይተውት አያውቁም። ጠየቃቸው። ጋሽ ገብረክርስቶስ መነጽራቸውን አውልቀው ተደላደሉ፤ የሚወዱት ጨዋታ መጣላቸው።

«ዘሩባቤል? ጎረቤቴ አይደል! የሱ ሥራ ቀላል ነው ወንድሜ። ቀለም ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ያያል። ‹ሄደ› ይላል። ደሞ ሲመለስ ያያል። ‹መጣ› ይላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ብርጭቆዋን ጠጥቶ በተገላገለ።»

መብራህቱ አልሳቀም። አመስግኖ ቀለበት ሳይገዛ ወጣ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ዋጋ ከብዶት ነው ብለው አለፉት።

ወሬው በራኬብ በኩል መጣ። ለእትዬ አባይነሽ ደውላ፣ አጎቴ ‹ሰፈሩ የሚስቅበት ሰው ነው፣ የገዛ ጎረቤቱ እንኳ ቁም ነገር የለውም ይላል› ብሎ ለአባዬ ነገረው፣ አባዬ ቀጠሮውን አልሰረዘም ግን ፊቱ ጥሩ አይደለም አለቻት። እትዬ አባይነሽ ስልኩን ዘግታ ግቢው መሃል ቆመች። ማንንም አልሰደበችም። ጎረቤቶቹን ሁሉ በየተራ አየቻቸው፣ በቃ። ሰፈሩ ያን ቀን የሚገባበት ጠፋው።

በዛው ሳምንት መብራት ጠፋ። ማንም አረፋው ይምጣ አላለም። ክብሪት ሲጫር ብቻ ነው የተሰማው። ዘሩባቤል ጨለማ ውስጥ ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ፣ ጠበቀና፣ «አባይዬ፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?» አለ። እትዬ አባይነሽ ሻማውን ለኮሰች። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ከዛ በኋላ ላብ መሄድ አቆመ። ወይን ጠጅ ቀለም ማየት አልቻልኩም አለ። ጣቱ መንጣት ጀመረ። ጣቱ ሲነጣ ያየው ሰው ሁሉ ደነገጠ።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ለሁለተኛው ቀጠሮ ሥራህን በሰው አፍ አስረዳኝ አሉት። ብዙ ሞከረ፣ ብዙ አልገባቸውም። ሳሙናው ላይ ሲደርስ ግን፣ «ሳሙና ማለት ሽማግሌ ነው ጋሼ» አላቸው። «አንድ እጁ ውሃ ቤት ነው፣ አንድ እጁ ቅባት ቤት። ሁለቱም ቤት የሚያምኑት እሱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን እንዲህ አትለንም?»

«ብያለሁ» አላቸው። «ትስቁ ነበር።»

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ሦስቱም ሄዱ። ጋሽ ገብረክርስቶስ መንገድ ላይ የሳሙናውን ነገር በቃላቸው ይወጡታል። ገቡ፣ ቆሙ፣ ተቀመጡ ተባሉ፤ ለመቀመጥ ጎንበስ ሲሉ አቶ ገብረአብ አጠገብ ያንን ቀለበት ያልገዛ ሰውዬ አዩት። ግማሽ ላይ ቀሩ፤ ያቤፅ ነው በክንዳቸው ይዞ ያስቀመጣቸው። ውሃውም ቅባቱም ከአእምሯቸው ጠፋ።

መብራህቱ ቀድሞ ተናገረ። «ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ሱቅዎ ውስጥ ያሉኝን እዚህ ለወንድሜ ይድገሙለት።»

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እየጸለዩ መሆን አለበት። ጋሽ ገብረክርስቶስ ላባቸውን ጠረጉ። መካድ ይችሉ ነበር፣ ግን ሽማግሌ ሆኖ ሰው ቤት ገብቶ መዋሸት አልሆነላቸውም። ደገሙት። ያለ ቀልድ፣ ያለ ሳቅ ደገሙት። ቀለም ሲጠፋ ያያል፣ ሄደ ይላል፤ ሲመለስ ያያል፣ መጣ ይላል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው።

«ብርጭቆውን?» አለ መብራህቱ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ጠጥቶት ነበር አልኩ። እሱ አልጠጣውም።» ከዛ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስንስቅበት ነው የኖርነው አቶ ገብረአብ። ይሄ እውነት ነው። ምን እንደሚሠራ ከእኛ ውስጥ በደንብ የሚያውቅ የለም፣ ከዚህ ልጅ በቀር፤ እሱ ሲናገር ደሞ ሰምታችሁታል። ስንስቅ ግን አንድ ቀን ተቀይሞን አያውቅም። አንድ ቀን ትቶትም አያውቅም።»

አቶ ገብረአብ ጉልበታቸውን ማሸት አቆሙ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ?»

«ያንኑ።»

«ያቺኑ ብርጭቆ?»

ያቤፅ አንዷ ተሰብራ ተቀይራለች ሊል አፉን ከፈተ፤ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ በክርናቸው ጎሰሙት።

አቶ ገብረአብ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «እኔ ምን ነበርኩ መብራህቱ? ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ። ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼ ሌላ ቦታ ደርሼ አላውቅም። ‹ታዲያ የት ደረስክ› ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

መብራህቱ ሻዩን አማሰለ።

«አንድ ብርጭቆ ሃያ ዓመት ያልሰለቸው ሰው» አሉ አቶ ገብረአብ፣ «ልጄ መቼ ትሰለቸዋለች?»

ከዛ ራኬብን ጠሯት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ምን ትያለሽ አሏት። ስታፍር አይቻት አላውቅም፣ ያን ቀን ግን መሬት መሬት እያየች ነበር አሉ። «አባዬ፣ መጋረጃውን ካዞርኩት በኋላም ሲመጣ ነው እኔ በልቤ የጨረስኩት» አለች። አቶ ገብረአብ የመጋረጃው ነገር አልገባቸውም፣ ግን በቃ ልጃችሁ ልጃችን ነው አሉ። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ዓይናቸውን የገለጡት ያኔ ነው።

እሪ በከንቱ ወሬው ሲደርስ ዘሩባቤል ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫ ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር። ጋሽ ገብረክርስቶስ ከበሩ ጀምረው «ዶክተር አረፋ!» ብለው ጠሩት። «አቤት» አለ፣ ገመዱን ሳይለቅ። በማግስቱ ላብ ገባ።

የቀለበቱ ፕሮግራም በእትዬ አባይነሽ ግቢ ድንኳን ተጥሎ ነበር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰማዩ ጠቁሮ። ጸሎት ተደርጎ ምግብ ሊነሳ ሲል መብራት ጠፋ። ድንኳኑ ጨለመ። ሁሉም ወደ ጋሽ ገብረክርስቶስ ዞረ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

«አረፋው ይምጣ» አለ አንድ ሰው። ዘሩባቤል ራሱ ነበር።

ተነስቶ ቤት ገባና ከላብ ያመጣትን ብርጭቆ በጨርቅ ሸፍኖ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ፀሐይ ስለሌለች ስልካችሁን አብሩ አለ። ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ አቶ ገብረአብ የራሳቸው ስልክ መብራት ስለሌለው የመብራህቱን ቀምተው ያዙ። ብርሃኑ ሁሉ ወይን ጠጇ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፣ ከኋላ የሚስቅ ተሰማ። ከዛ ከጎኗ ገረጣች፣ ሳሳች፣ ውሃ ሆነች።

«አምፖሉ አይበራም ግን» አለ ዘሩባቤል፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እሱ ገና ነው።»

አቶ ገብረአብ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ብርጭቆዋ ላይ ጣል አደረጉ። ጠበቁ። ራኬብ ጫፉን ገለጥ አደረገችው። ወይን ጠጁ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ እየሞላ ነበር።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ጎንበስ ብለው አዩና፣ ከሁሉም ቀድመው፣ «መጣ» አሉ።